የቆዳና የአፍ ውስጥ ሽፋን ፋይብሮብላስቶች ልዩነትና ለቁስል ሕክምና ያለው ትርጉም

በእንጦጦ ራጉኤል ደጅ በክብረ በዓል ቀን ከሚሰበሰቡት በዕድሜ የገፉ እናቶች መካከል በአንገታቸውና በድዳቸው ላይ ንቅሳት ያላቸውን ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ንቅሳቱ በሁለቱም ቦታ ለጌጥ በመርፌ የተሠራ ሲሆን ቀለሙም በሁለቱም ቦታ ለረጅም ዘመን ይቆያል። የቁስሉ አሻራ ግን አንድ አይደለም። የአንገት ቆዳ ዝንባሌው ባላቸው ሰዎች ላይ ኬሎይድ ሊያወጣ ይችላል፤ በድድ ላይ ግን ኬሎይድ እጅግ ብርቅ ነው። ለዚህ ልዩነት ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ፋይብሮብላስት የተባለው የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋስ ነው።

ፋይብሮብላስት ኮላጅንን ያመርታል፤ ቁስል ሲደርስም ከፊሉ ወደ ማዮፋይብሮብላስት ተለውጦ የቁስሉን ጠርዝ ይስባል። ይህ ሥራ በጊዜው ካልቆመ ኮላጅን ይከማቻል፣ ጠባሳም ይወፍራል።

የሁለቱ ቦታ ሕዋሳት በአመጣጣቸው ይለያያሉ። የአፍ ፋይብሮብላስቶች በፅንስ ጊዜ ከነዩራል ክሬስት ይመነጫሉ፤ የደረትና የጀርባ ቆዳ ፋይብሮብላስቶች ግን ከሜሶደርም ይገኛሉ። በቤተ ሙከራ ሲታዩ የአፍ ሕዋሳት በፍጥነት ይራባሉ፣ ኮላጅንን መልሰው ያደራጃሉ፣ ትርፉንም የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን በንቃት ይጠቀማሉ። የአፍ ቁስል እብጠት በአብዛኛው ቶሎ ይበርዳል፤ ጠባሳን የሚያነሣሣው ቲጂኤፍ ቤታ 1ም አነስ ይላል።

ምራቅ ቁስሉን በማርጠብና የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖችን በማቅረብ ያግዛል፤ ነገር ግን ምክንያቱ እርሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የአይጥ ጥናት የአፍና የጀርባ ፋይብሮብላስቶች ቦታቸው ተለዋውጦ በተተከሉ ጊዜ የቀድሞ ጠባያቸውን አልለቀቁም። ይሁን እንጂ አመጣጥም ሁሉን አይወስንም። የፊት ቆዳ ፋይብሮብላስቶች በአብዛኛው ከዚያው ከነዩራል ክሬስት ቢመነጩም በመንጋጋ ላይ ኬሎይድ ይታያል።

አፍ ጠባሳ አያውቅም ማለትም ስሕተት ነው። የጉዳቱ ጥልቀት ከሽፋኑ ባለፈ ጊዜ ይህ ጸጋ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሞቃታማ አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ኖማ፣ ከሞት የተረፉትን ሕፃናት መንጋጋ በጠባሳ ሊቆልፍ ይችላል። የሚያቃጥል ኬሚካል መጠጣትም ብርቱ ጠባሳ ይተዋል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው ሊያስብባቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ጆሮ ከመብሳት፣ ንቅሳት ከማስለቀቅ ወይም ትንሽ ቀዶ ሕክምና ከማድረግ በፊት ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ኬሎይድ ይወጣባቸው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአፍ ቁስል ያለ ጠባሳ መሻሩ ቆዳውም እንዲሁ ይሽራል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መተውም ብዙ ጊዜ መልሶ ያሳድገዋልና፣ እንደ ስቴሮይድ መርፌ ያለ ተጨማሪ ሕክምና አብሮ መታቀድ አለበት። በአንጻሩ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልሻረ የአፍ ቁስል ከተለመደው የፈውስ ሂደት የወጣ ነውና፣ ካንሰርን ጨምሮ ሌላ መንስኤ እንዲፈለግለት ታካሚውን ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ይገባል።