ሶላርን እንደ ጀንፈል ግዙ፦ በተለጠፈበት ሳይሆን በሚወጣው

ዛሬ ስለ ኒውዮርክ ብዙ አንጽፍም። የምንጽፈው የቡናው ገንዘብ እጅ ከገባ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በየካቲት 2017 ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ሲደርስ ታስታውሳላችሁ። ድሮ ወደ ውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ "ልሽጥ ወይስ ልያዝ?" የሚል ነበር። አሁን ከአጋሮም፣ ከሊሙ ገነትም፣ ከሰቃ ጨቆርሳም "ሶላር ልገዛ ነው፣ የቱን ልያዝ?" የሚለው በዝቷል። እኔ ጅማ አወቱ መንደራ ነው የምኖረው። ሶላር አልሸጥም፣ ከሚሸጥም ኮሚሽን አልበላም። ሂሳቡን ግን አብረን እንሥራው።

ሰሞኑን ከጎማ ወረዳ አንድ አቅራቢ ሁለት ፕሮፎርማ ላከልኝ። ለገጠር ቤቱ ነው፣ መስመር አልደረሰውም።

አንደኛው፦ 550 ዋት ፓነል አንድ፣ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ ሁለት (ጎን ለጎን በ12 ቮልት የሚታሰሩ)፣ ፒደብልዩኤም የሚባለው ቀላል ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ኢንቨርተር።

ሁለተኛው፦ 550 ዋት ፓነል ሁለት፣ 25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ አንድ፣ ኤምፒፒቲ መቆጣጠሪያ ያለው ኢንቨርተር።

የሁለተኛው ዋጋ የአንደኛውን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። "የመጀመሪያው ባትሪው ሁለት ነው፣ ከባድ ነው፣ ርካሽ ነው። ምን ጎደለው?" አለኝ።

እኔም መልሼ ጠየቅኩት፦ "ጀንፈል ስትገዛ ኩንታሉን አይተህ ነው የምትከፍለው ወይስ ተፈልፍሎ የሚወጣውን?" ሳቀ። ሁለት ኪሎ ጀንፈል ተፈልፍሎ አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና እንደሚሰጥ እሱን አላስተምረውም። ሶላርም እንደዚያው ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጀንፈሉ ነው፤ ማታ ቤት ውስጥ የሚበራው ንጹሑ ነው።

1. መጀመሪያ ፍጆታችሁን እወቁ

ያለዚህ ሱቅ አትግቡ። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። የዚህ አቅራቢ ቤት እንዲህ ወጣ፦

8 የኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፦ 360 ዋት ሰዓት
ቴሌቪዥንና ሪሲቨር፣ 75 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፦ 375
ስልኮች፦ 60
የኢንተርኔት ራውተር፣ 10 ዋት፣ 24 ሰዓት፦ 240
መካከለኛ ፍሪጅ፦ 1,000 ገደማ

ድምሩ 2,035 ዋት ሰዓት ነው። በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት በሉት። ከዚህ ውስጥ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ጠዋት የሚበላው 1,475 ገደማ ነው። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር ባትሪው ማታ ማታ 1,650 ዋት ሰዓት መስጠት አለበት።

የእንጀራ ምጣድ የለበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል። ምጣድ የሚያዞር ሶላር ለአንድ ቤት ሌላ ዋጋ፣ ሌላ ሂሳብ ነው። "ሁሉንም ይሠራል" የሚላችሁን ሻጭ "ምጣዱንም?" በሉት።

2. ባትሪው ስንት ይወጣዋል?

ሁለቱ ጄል ወረቀት ላይ 4,800 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ነገር ግን ጄልም ሆነ ሌላ የሊድ ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የሚወጣው 2,400 ነው። በትክክል የጀንፈል ሂሳብ፣ ግማሽ በግማሽ። ሊቲየሙ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት) ወረቀት ላይ 2,560 ብቻ ነው፤ ግን 80 በመቶውን ሳይጎዳ ይሰጣል፣ 2,050 ገደማ። በወረቀት እጥፍ የሚመስለው ልዩነት ማታ ላይ ሲመጣ ጠቦ ይገኛል። ሁለቱም የአንድ ሌሊቱን 1,650 ይችላሉ።

ትልቁ ልዩነት ዕድሜው ላይ ነው። ጄል በየቀኑ እስከ ግማሽ እየተራገፈ 800 ጊዜ ቢሠራ ጥሩ ሠርቷል እንላለን። ሊቲየሙን በ4,000 ዙር እናስላው። በጠቅላላ ዕድሜያቸው የሚሰጡት፦

ጄል፦ 2.4 × 800 = 1,920 ኪሎዋት ሰዓት
ሊቲየም፦ 2.05 × 4,000 = 8,200 ኪሎዋት ሰዓት

ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ማለትም በየሌሊቱ አቅሙን ለሚጠቀም ቤት፣ ሊቲየሙ የሁለቱን ጄል ዋጋ አራት እጥፍ ቢጠየቅበት እንኳ በኪሎዋት ሰዓት አይወደድም። 800 ሌሊት ደግሞ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ነው። በሦስተኛው የቡና ወቅት እንደገና ባትሪ ግዢ ነው።

3. ፓነሉ በቀላል መቆጣጠሪያ ሲታሰር

የአንደኛው ፕሮፎርማ ትልቁ ጉድ ግን ባትሪው አይደለም። 550 ዋት ፓነል የሚሠራው በ41 ቮልት ገደማ፣ በ13 አምፒር ነው። ፒደብልዩኤም መቆጣጠሪያ ቮልቱን ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል፣ አምፒሩን ግን አይጨምርም። 13 አምፒር በ13 ቮልት ስታባዙት 170 ዋት ገደማ ነው። 550 ዋት ከፍሎ 170 ዋት! ኤምፒፒቲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር ስለሚቀይረው አብዛኛው አይባክንም።

የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኔ ለክረምት የምይዘው በቀን 3.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ነው፣ ለበጋ 5.5። በዚያ መሠረት አንደኛው በክረምት 600 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ በበጋም 1,000 አይደርስም። ቤቱ የሚፈልገው 2,035 ነው። ባትሪው አንድም ቀን ሳይሞላ ይከርማል፣ ሳይሞላ የሚከርም የሊድ ባትሪ 800ውን ዙርም አያይም። ሁለተኛው 1,100 ዋት አለው፤ ሩቡ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ ቢባክን እንኳ በክረምት 2,900 ገደማ ይሰጣል። ለዚህ ቤት ዝቅተኛው 775 ዋት ስለሆነ ትርፉ ለጭጋግ ቀን ነው።

አንድ የኛ አገር ነገር ልጨምር። ቡናችን ጥላ ይወዳል፣ ፓነል ጥላ አይወድም። ቤቱ በዋንዛና በሰሳ ተከቦ ከሆነ፣ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ የፓነሉን ጥግ ብቻ ቢነካ እንኳ ምርቱን ከጥላው ስፋት በላይ ይቀንሰዋል። ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ማስጫ አልጋው አጠገብ ያለውን ገላጣ ቦታ አስቡ፤ ቡና የሚደርቅበት ቦታ ለፓነልም ይመቻል። ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል አድርጋችሁ አሳስሩት፤ ዝናቡ ያጥበዋል። ለመብረቅ የመሬት ሽቦ ይኑረው።

4. ሚዛንና ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

የቡና ሰው ሚዛን አያጣም። ተጠቀሙበት።

ጄል ባትሪ፦ 200 አምፒር ሰዓት የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። 35 ኪሎ ከመዘነ ውስጡ ያለው ሊድ የ200 አይደለም፣ ጽሑፉ ምንም ቢል።

ፓነል፦ ጥሩ የሚባል ፓነል በአንድ ካሬ ሜትር 210 ዋት ገደማ ይሰጣል። 550 ዋቱ 2.28 ሜትር በ1.13 ሜትር ነው። አንድ ሜትር በ67 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፓነል ላይ "300 ዋት" ተለጥፎ ካያችሁ አባዙት፦ 140 ነው።

ሊቲየም፦ እዚህ ሚዛን አይበቃም፣ ያገለገለ ሴል በአዲስ ሳጥን ይሸጣልና። የዙሩን ቁጥርና ዋስትናውን በጽሑፍ ያዙ፤ ከመረከባችሁ በፊት ሞልቶ፣ የታወቀ ዋት አምፖል ተደርጎበት፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይለካ። ናሙና ሳትቀምሱ ቡና አትረከቡም አይደል?

ኢንቨርተር፦ ፍሪጅ ካለ ፒዩር ሳይን ዌቭ ይሁን፤ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ያንን የሚችል ይሁን።

5. ከተማ ላላችሁ ሂሳቡ ሌላ ነው

ግልገል ጊቤ 1 ከ1996 ጀምሮ በ184 ሜጋዋት አጠገባችን አለ። ህዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግድብ መኖር ግን በእያንዳንዱ መንደር ትራንስፎርመርና ምሰሶ አለ ማለት አይደለም። የ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራምም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ እንደሚያደርስ ነበር ያቀደው።

ጅማ ከተማ መስመር ላላችሁ ሰዎች፣ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ቢሆንም፣ ሶላር ከመስመሩ ጋር በዋጋ አይወዳደርም። የሚወዳደረው ከጨለማውና ከጄኔሬተሩ ጋር ነው። ትንሽ ጄኔሬተር በአንድ ሊትር ቤንዚን ቢበዛ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥ ነው። መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓት የሚጠፋባችሁ ከሆነ፣ ከመስመሩ የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ይበቃል፤ ፓነሉ ይቆየው። በዓመት መቶ ዙር ብቻ ስለምትጠቀሙ ጄልም አይከፋም። ፓኪስታን በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ ፓነል ያስገባችው ታሪፉ ስለከበዳት ነው፤ ስለዚህ ከፓነል ጀመረች። የኛ ከተማ ችግር መቆራረጥ ስለሆነ ከባትሪ መጀመር ነው የሚያዋጣው።

6. ዋጋውን በፈረሱላ ጻፉት

በ2024 እ.ኤ.አ. የቻይና ፓነል ወደብ ላይ በዋት ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር፤ 550 ዋቱ 55 ዶላር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ጭነት፣ ባንክና ትርፍ ነው። የሊቲየም ጥሬ ዕቃም ከ2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኋላ ክፉኛ ወርዷል። በሌላ በኩል ቻይና ለላኪዎቿ የምትመልሰውን ታክስ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ከ13 ወደ 9 በመቶ ቀንሳ ነበር፤ ይህ ዋጋ ወደ ላይ የሚገፋ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የዶላሩ ጭማሪ በቀጥታ ሱቁ ላይ ይታያል።

የቡና ሰው ግን ደመወዝተኛው የሌለው ዕድል አለው፦ የሚሸጠውም የሚገዛውም በዶላር የሚንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ የሶላሩን ዋጋ በዕለቱ ለ17 ኪሎ ጀንፈል በሚከፈለው አካፍሉትና በፈረሱላ ጻፉት። በየወሩ ያንን ቁጥር አወዳድሩ። በብር "ተወደደ" የተባለው በፈረሱላ የረከሰ ሊሆን ይችላል። ቡና ሸጦ "ሶላር ይረክሳል" ብሎ ለወራት ብር ይዞ መቀመጥ ግን፣ ሳይታወቅ የተያዘ የምንዛሪ ውርርድ ነው።

7. ለዩኒየኖችና ለመሠረታዊ ማኅበራት

አባል ለብቻው ሱቅ ሲሄድ ሻጩ ነው ዋጋ ሰጪው። የትርፍ ክፍፍል ከመከፈሉ በፊት ፈቃደኛ አባላትን መዝግባችሁ በአንድ ጨረታ ግዙ። መስፈርቱ አራት መስመር ይበቃዋል፦ የሚወጣ ዋት ሰዓት (የተጻፈው ሳይሆን)፣ የዙር ቁጥር፣ በጽሑፍ የሆነ ዋስትና፣ ናሙና ተለክቶ ርክክብ። ለትናንሽ የመብራት ኪቶች ቬራሶል የሚባለውን የጥራት ማረጋገጫ ጠይቁ። ጠጋኝም አሠልጥኑ። ሰሜን ሸዋ ሬማ ላይ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የመንደር ሶላር ሲገባ የቴክኒሻን ማሠልጠኛ አብሮ ተከፍቶ ነበር፤ ትምህርቱ እሱ ነው።

ለጎማው አቅራቢ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፦ ሁለተኛውን ውሰድ፣ ገንዘቡ ካልደረሰ አንደኛውን ከምትገዛ ፍሪጁን አስቀርተህ ሁለተኛውን አሳንሰህ ጀምር። ፓነል በኋላ ይጨመራል፤ የተበላ የቡና ወቅት ግን አይመለስም።

እናንተም ፕሮፎርማችሁን ስምና ስልክ ሸፍናችሁ ላኩ፣ አብረን እናሰላዋለን። መልካም ገበያ!