ጋዜጣ፣ መጽሔትና ሰነድ በኢ-ሪደር ማንበብ፦ ወሳኙ የፋይሉ ዓይነት ነው

በአሁኑ ጊዜ አዋጅና ደንብ፣ የጋዜጣና የመጽሔት እትም፣ መመሪያና የሥልጠና ሰነድ በወረቀት ከመታተማቸው ጎን ለጎን በፋይል መልክ በድረ ገጽና በቴሌግራም ለአንባቢ ይደርሳሉ። ረጅም ሰነድን በስልክ ስክሪን ማንበብ ዓይንን የሚያደክም ሲሆን፣ ሁሉንም አትሞ ማንበብ ደግሞ ለወረቀትና ለቀለም ወጪ ይዳርጋል። በተለምዶ ኢ-ሪደር የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ንባብ መሣሪያ ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ልቦለድን በሚያስነብብበት ምቾት ጋዜጣንና የሥራ ሰነድን ላያስነብብ ይችላል። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ሳይሆን ሰነዱ የተዘጋጀበት የፋይል ዓይነት ነው።

የኢ-ሪደር አሠራር

የስልክና የኮምፒውተር ስክሪን ብርሃን እያመነጨ ምስል ያሳያል። የኢ-ሪደር ስክሪን ግን በኤሌክትሮኒክ ቀለም ይሠራል። በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ሲኖሩ፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ይገኛሉ። ኤሌክትሪክ ሲላክ አንዱ ዓይነት ቅንጣት ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይሄዳል፤ በዚህም ፊደሉ ይሳላል። ገጹ ከተሳለ በኋላ ምስሉን ለማቆየት ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ስለዚህ ባትሪው አንዴ ከተሞላ ለሳምንታት ሊያገለግል ይችላል፤ ገጹም እንደ ወረቀት በአካባቢው ብርሃን ስለሚነበብ ፀሐይ ላይ እንኳ በግልጽ ይታያል። በአንጻሩ ገጽ የሚለዋወጥበት ፍጥነት ዝቅተኛ ነው። አብዛኛው መሣሪያም ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያሳይ፣ በቀለም የተለዩ ሠንጠረዦችና ካርታዎች መልእክታቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

ሦስት ዓይነት ፋይሎች

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው ፒዲኤፍ ነው። ዓላማው ሰነዱ በየትኛውም ኮምፒውተር ሲከፈት እንደታተመው ገጽ ሳይለወጥ እንዲታይ ማድረግ ነው። ይህ ጠቀሜታው በትንሽ ስክሪን ላይ እንቅፋት ይሆናል። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር ስክሪን ስፋት ግን 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመሆኑም በመጠን 12 የተጻፈ ፊደል በስክሪኑ ላይ የመጠን 5 ያህል ሆኖ ይታያል። ከኤ4 የሚሰፋ የጋዜጣ ገጽ ደግሞ ከዚህም በላይ ያንሳል።

ሁለተኛው ኢፐብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ደረጃ ሆኖ የጸደቀ ነው። በዚህ ፋይል የገጹ ወሰን አስቀድሞ አይወሰንም። አንባቢው ፊደሉን ሲያሳድግ መስመሮቹ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ለኢ-ሪደር የሚስማማው ይህ ነው።

ሦስተኛው በስካነር ወይም በካሜራ የተነሳ ሰነድ ነው። ስሙ ፒዲኤፍ ቢሆንም ውስጡ ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ፊደሉን ለይቶ ማሳደግም ሆነ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። አንድ ሰነድ ከዚህ ወገን መሆኑን ለማወቅ ፋይሉን በኮምፒውተር ከፍቶ አንድ ቃል ለመምረጥ መሞከር በቂ ነው፤ ቃሉ ካልተመረጠ ሰነዱ ምስል ነው።

የአማርኛ ፊደል ጉዳይ

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለእያንዳንዱ ፊደል የላቲን ሆሄያትን ቦታ ይጠቀሙ ነበር። በዚህ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ተገቢው ፎንት በሌለው መሣሪያ ሲከፈት በላቲን ሆሄያትና በምልክቶች የተሞላ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ሆኖ ይታያል። ፎንቱ አብሮት በፒዲኤፍ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ፣ ሰነዱ ለዓይን ትክክል ቢመስልም ወደ ኢፐብ ሲለወጥ ይበላሻል።

ሰነዱ በዩኒኮድ ተጽፎ ሳለ በፊደላት ምትክ ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ግን ችግሩ የመሣሪያው ፎንት ነው። ኪንድልንና ኮቦን የመሳሰሉ መሣሪያዎች ተጨማሪ ፎንት ይቀበላሉ፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ክፍያ የሚገኙ የአማርኛ ፎንቶች ናቸው።

ለአንባቢ የሚበጁ መንገዶች

ሰነዱ ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ መሣሪያውን አግድም አዙሮ ማንበብ ፊደሉን በተወሰነ መጠን ያሰፋዋል። የገጹን ባዶ ጠርዝ መከርከምም ይረዳል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ለሚታተምበት ለፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ከሁሉ የሚሻለው አንዱን ዓምድ ብቻ ለይቶ ማሳየት ነው። ዓምዱ የገጹን ግማሽ ያህል ስለሚይዝ ጽሑፉ እጥፍ ገደማ ይሰፋል። እንዲህ ያለውን ገጽ ወደ ኢፐብ መለወጥ ግን የሁለቱን ቋንቋዎች መስመሮች ሊያደባልቅ ስለሚችል አይመከርም።

ለመጽሔት ጽሑፎችና ለሌሎች ባለ አንድ ዓምድ ሰነዶች፣ ካሊበር የተባለው በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፋይሎችን ወደ ኢፐብ ይለውጣል። የዎርድ ፋይል ከተገኘ ከፒዲኤፍ ይልቅ እርሱን መለወጥ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። የተለወጠ ሰነድ ለንባብ እንጂ ለማስረጃነት ሊውል አይገባም። በመለወጥ ሂደት የአንቀጽ ቁጥር ሊዘለል፣ ሠንጠረዥ ሊፈርስ፣ አኃዝ ሊሳሳት ይችላል። የይግባኝ ጊዜን፣ የክፍያ መጠንን ወይም የጨረታ መዝጊያ ቀንን በተመለከተ አንባቢው ምንጊዜም ከዋናው ሰነድ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

የግል ወይም ምስጢራዊ ሰነድ ሲሆን ፋይሉን በኢንተርኔት ወደ አምራቹ የመረጃ ቋት ከመላክ ይልቅ በዩኤስቢ ገመድ መጫን ይመረጣል። መሣሪያው ለሌላ ሰው ከመተላለፉ በፊትም ይዘቱ መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት።

ኢ-ሪደር ለጋዜጣ ብሎ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባል። አማዞን በኪንድል ሲሰጥ የቆየውን የጋዜጣና የመጽሔት ደንበኝነት እ.ኤ.አ. በ2023 አቋርጧል። አገልግሎት ሰጪው ሥራውን ሲያቆም ደንበኝነቱም አብሮ ያበቃል፤ በራስ ኮምፒውተር የተቀመጠ ፋይል ግን ከባለቤቱ ጋር ይቆያል።

የአዘጋጆች ድርሻ

አንባቢው የሚያደርገው ጥረት ሰነዱ ሲዘጋጅ የተፈጠረውን ጉድለት ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ተቋማት የተፈረመበትንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ስካን አድርገው ሲያወጡ፣ በዩኒኮድ የተጻፈውን ቅጂ አብረው ቢያወጡ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቃቸውም፤ ጽሑፉ አስቀድሞ በኮምፒውተራቸው አለና። ጥቅሙም ኢ-ሪደር ላለው ሰው ብቻ አይደለም። ዓይነ ስውራን የሚገለገሉባቸው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጡ ፕሮግራሞች ፊደልን እንጂ ፎቶግራፍን በቀጥታ ማንበብ አይችሉም። ዓይኑ የደከመ አረጋዊም ሆነ በትንሽ ስልክ የሚያነብ ወጣት መብቱንና ግዴታውን የሚደነግገውን ሕግ ማንበብ መቻሉ የሚወሰነው ሰነዱ ከቢሮ በሚወጣበት ቅርጽ ነው።