ከማረጥ በኋላ የሚመጣ የብልት ድርቀት
ሐያእ ከሕክምና አያስቀረን

የዛሬው ርእሳችን በአደባባይ የማይነሣ ነው። እናቶች ለሴት ልጆቻቸው አይነግሩትም፤ ሚስቶች ከባሎቻቸው ይደብቁታል፤ ሐኪም ቤት የሚሄዱትም «ሽንት ያቃጥለኛል» ብለው ዋናውን ነገር ሳይናገሩ ይመለሳሉ። የመዲና አንሷር ሴቶች ዲናቸውን ለመጠየቅ ሐያእ ስላልከለከላቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳወደሷቸው እናውቃለን። በጤና ጉዳይ ላይ ግን ዝምታን መርጠናል።

ማረጥ የሚባለው የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር ነው። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይከሰታል። በዚህ ወቅት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በእጅጉ ይቀንሳል። የብልትን ግድግዳ ወፈር ያለ፣ እርጥብና የሚለጠጥ አድርጎ የሚያቆየው ይኸው ሆርሞን ስለሆነ፣ ሲጎድል ግድግዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በቀላሉም ይላጣል። ከበሽታ የሚከላከሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይመናመናሉ። የሽንት ፊኛና ቧንቧም የዚሁ ሆርሞን ተጠቃሚዎች ናቸውና ማቃጠል፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽን ይከተላል። ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ለችግሩ የብልትንና የሽንት አካላትን ሕመም በአንድነት የሚያጠቃልል አዲስ መጠሪያ የሰጡትም ለዚህ ነው።

ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉን የሚያጋጥም ችግር ነው። በኢስቲንጃ ጊዜ ውሃ ሲነካቸው የሚያቃጥላቸው፣ ውዱእ አልቆይ ብሏቸው ተራዊሕን ቤት መስገድ የጀመሩ እናቶች አሉ። ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ውሃ መጠጣት የሚቀንሱም አሉ፤ ይህ ደግሞ ሽንቱን አወፍሮ ማቃጠሉን ያብሳል። በማረጥ ጊዜ ድንገት የሚመጣው የሰውነት መጋል ለአብዛኞቹ ከጊዜ ጋር ይቀንሳል። ድርቀቱ ግን ካልታከመ በራሱ አይተውም፤ ይባስ ብሎ ይጠነክራል።

እዚህ ላይ ለባሎች አንድ ቃል አለን። ሚስትዎ ከግንኙነት የምትሸሸው ፍቅሯ ስላለቀ ወይም ስለናቀችዎ ላይሆን ይችላል። የደረቀና የሳሳ አካል ሲነካ ያማል፤ አንዳንዴም ይደማል። ሕመሙን የምትፈራ ሴት ደግሞ ሰውነቷ አስቀድሞ ይኮማተራል፣ ሕመሙም ይጨምራል። ስንት ዓመት የዘለቀ ትዳር አንዱ ሳይናገር፣ ሌላው ሳይጠይቅ በዚህ ምክንያት ይቀዘቅዛል። አብሮ ሐኪም ቤት መሄድ ብዙ ነገር ያቀላል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ በቅድሚያ የሚተዉ ነገሮች አሉ። ብልትን ከውስጥ በሳሙና ወይም በዴቶል ማጠብ፣ ሽቶ መቀባት፣ ጢስ መሞቅ ቀድሞ የተጎዳውን ቆዳ ይበልጥ ያስቆጣዋል። ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ቫዝሊንም ለውስጥ የሚሆን አይደለም። ተልባና ሐበተ ሰውዳስ? ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። ተልባ ለሆድ ድርቀት ይጠቅማል፤ የብልትን ድርቀት ያድናል የሚል በቂ ማስረጃ ግን የለም። እንደ ምግብ ይውሰዱት፣ በሕክምናው ፈንታ አይሁን።

ቀላሉ ሕክምና ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛ ቅባት ነው። ሁለት ዓይነት እንዳለ ልብ ይበሉ፦ በግንኙነት ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ማለስለሻ ጄል፣ እንዲሁም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ግንኙነት ኖረም አልኖረ የሚደረግ ማርጠቢያ። ሽታና የሚያሞቅ ነገር የሌለበትን ይምረጡ። ቀለል ላለ ድርቀት ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ካልበቃ ሐኪም በብልት የሚቀመጥ አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን ያዛል። በክሬም፣ በትንሽ ክኒን ወይም ለሦስት ወር በሚቆይ ቀለበት መልክ ይዘጋጃል። ክኒኑ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደረጋል። ለውጡ በጥቂት ሳምንታት ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ መተው አይገባም። ተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽንንም ይቀንሳል።

«ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚለው ፍርሃት ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የተካሄደ ትልቅ ጥናት የጡት ካንሰር በመጨመሩ ምክንያት ከጊዜው በፊት ተቋርጦ ነበር። ጥናቱ ግን የሚዋጥ የሁለት ሆርሞኖች ክኒንን የሚመለከት ነው። በብልት የሚደረገው አነስተኛ ኢስትሮጅን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በኅዳር 2025 (እ.ኤ.አ.) በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የነበረውን ከባድ ማስጠንቀቂያ ለማንሣት መወሰኑን አስታውቋል። የጡት ካንሰር የነበረባት እህት ግን ከሆርሞን ነጻ በሆኑት ትጀምር፤ ከዚያ ያለፈውን ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ሳትመክር አትውሰድ። በሌዘር «ወጣትነትን እንመልሳለን» የሚሉ ማስታወቂያዎችን በተመለከተ፣ ይኸው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ቃጠሎና ጠባሳ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

በረመዷንስ? በዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ በተላለፈው ውሳኔ በብልት የሚደረግ መድኃኒት ጾምን አያበላሽም። በአገራችን ብዙዎች የሚከተሉት የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማዎች ግን ያበላሻል ይላሉ። ደግነቱ መድኃኒቱ የሚደረገው ሌሊት ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ አድርጎ መተኛት ከውዝግቡ ያወጣል።

አንድ ምልክት ግን ቀጠሮ አይሰጠውም፤ ይኸውም ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ነው። ጠብታም ቢሆን። ሶላቴ እንዴት ይሁን ብሎ ኡስታዝ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙዎች ግን እዚያው ያበቃሉ። ምክንያቱ ድርቀቱ ብቻ ሊሆን ቢችልም የማሕፀን ወይም የማሕፀን በር ካንሰር አለመሆኑ በምርመራ መታወቅ አለበት። ሴት ሐኪም መጠየቅ ይቻላል። አፍ አልፈታ ካለ «ካረጥኩ በኋላ ብልቴ ይደርቃል፣ ያመኛልም» ብሎ በወረቀት ጽፎ ለሐኪሟ መስጠት ይበቃል።