ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፦ ገና በጎጃም ደጋ

ገና በዓሉም ነው፣ ጨዋታውም ነው፣ ጨዋታው የሚካሄድበት ጫፉ ቆልማማ ዱላም ነው። «በገና ዕለት ገናውን ይዞ ገና ሊጫወት ወረደ» ቢባል ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ሰው ግር የሚል ነገር የለውም። ጨዋታው ሁለት ወገን ሆነው አንዲት ድቡልቡል ሩር በዱላ እየመቱ፣ እያንከባለሉና እየተነጣጠቁ ከተቃራኒው ወገን ድንበር የሚያሳልፉበት ነው። ሌላው ዓለም ሆኪ የሚለውን ጨዋታ ከኢትዮጵያ ባህል ውስጥ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም።

በረዶ ግን የለም። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ግርጌው ያሉት መስኮች በታኅሣሥ የሚያውቁት ውርጭን ብቻ ነው። ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ውርጩ ይረግፋል። ጨዋታው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጾመ ነቢያት ተፈትቶ፣ ሰው ቤቱ ቀምሶ ሲወጣ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን አንድ ቀን ቀድሞ በ28 ይከበራል፤ ያለፈው የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ሆና ስላለፈች ነው። ወቅቱ ለጨዋታ የተመቸ ነው። እህሉ ታጭዷል፣ ከፊሉ አውድማ ላይ ነው፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቋል፣ መስኩም በከብት ተግጦ አጥሯል። በሐምሌ ቢሆን ሩሯ ከጭቃው ተቀብራ ትቀር ነበር።

ዱላው ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብሎ ይታጫል። እረኛው ከብቱን እየጠበቀ ሲዞር ዓይኑ ከዛፉ ላይ ነው፤ ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ የወይራ ወይም የክትክታ ቅርንጫፍ ሲያይ ለሌላ ሳይናገር በልቡ ይይዘዋል። ቀኑ ሲደርስ ይቆርጠዋል፣ ልጡን ይልጠዋል። ጉብጠቱ ያነሰ እንደሆነ እርጥቡን በእሳት አሙቆ ያጎብጠዋል፣ እስኪደርቅም በገመድ አስሮ ያቆየዋል። ከዚያ ቅቤ ይቀባና ጭስ ከሚያገኘው ቦታ ይቀመጣል። ጭስ የጠጣ ዱላ አይሰነጠቅም፣ መዳፍም አይልጥም። በጣም የጎበጠው ሩሯን አቅፎ ለመንዳት ይመቻል፤ ለዘብ ያለው አርቆ ለመምታት ይሻላል። የሰዉ አጨዋወት ከዱላው ቅርጽ ይነበባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሩሯም እንዲሁ ልፋት አላት። ከዛፍ ሥር ወይም ከጠንካራ ጉጥ ተጠርባ ትድቦለቦላለች፤ በቆዳ የምትሰፋም አለች። የእንጨቷ ሩር ቅልጥም ላይ ስታርፍ የምታሰማውን ድምፅ የተመታ ሰው ቶሎ አይረሳውም።

ወገኑ የሚለየው ብዙ ጊዜ በሰፈር ነው። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ከወንዝ ወዲህ ማዶ ከወንዝ ወዲያ ማዶ ይገጥማል፤ አንዳንዴም ያገባው ካላገባው። ሰፈሩ እንዲህ ያልተከፈለ እንደሆነ ሁለት አለቆች ይመረጡና ሌላው ሁለት ሁለት እየሆነ ጥቂት ራቅ ብሎ በሹክሹክታ የስውር ስም ያወጣል፤ አንዱ «ወርቅ»፣ ሌላው «ብር» ይሆናል። ተመልሰው «ማንን ትሻለህ?» ሲሉት፣ አለቃው የትኛው ጎበዝ፣ የትኛው ሰነፍ እንደሆነ ሳያውቅ ይመርጣል። አሠራሩ ማንም ጎበዞችን ለራሱ እንዳያጭቅ የታሰበበት ነው። ይህ ሚና መለየት ይባላል። ዛሬ በስብሰባና በጋዜጣ «የሴቶች ሚና»፣ «የወጣቶች ሚና» ሲባል የሚሰማው ቃል በገና ሜዳ ወገን፣ ጓድ ማለት ነው። «ሚናህን ለይ» የሚባለውም በየትኛው ወገን እንደቆምክ አሳውቅ ሲባል ነው።

የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም። አርባ ለሠላሳ አምስት ቢሆን የሚያማርር የለም፤ ዘግይቶ የመጣ ጋቢውን ጥሎ ከወገኑ ይቀላቀላል። የሜዳው ልክም እንዲሁ ነው። ድንበሩ ዛፍ፣ ጅረት ወይም የድንጋይ ክምር ሊሆን ይችላል፤ የጦፈ ጨዋታ ድንበሩን አልፎ አጨዳው ያለቀ ማሳ ውስጥ ገብቶ ሊገኝም ይችላል። ሰዓት የሚይዘው ፀሐይ ነው። ሩሯ ከመሃል ሜዳ ላይ ትቀመጥና ሁለቱ አለቆች ዱላቸውን አገጣጥመው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ለሩቅ ተመልካች የሚታየው አቧራ፣ ነጭ ልብስና ወደ ላይ የተሰነዘረ የዱላ ጫካ ነው። ቀረብ ላለው ግን ሥርዓት አለው። ፈጣኖቹ ከፊት ሆነው ሩሯን ይጠብቃሉ፣ ክንደ ብርቱዎቹ ከኋላ ሆነው ወደ እነሱ ይልካሉ፣ ዕድሜ የገፋው ደግሞ ከድንበሩ አጠገብ ቆሞ ያመለጠችውን ይመልሳል። ሽማግሌዎች ዳር ተቀምጠው ይዳኛሉ። በእግር መርገጥ፣ በእጅ መያዝ፣ ሆን ብሎ ሰው መምታት አይፈቀድም። ሆን ብሎ የተባለው ግን ሁልጊዜ የሚያከራክር ነው፤ ያ ሁሉ ዱላ በአንድ ሩር ላይ ሲያርፍ አንዱ ስቶ ጉልበት ቢያገኝ ማን ሐሳቡን ያየዋል?

ስለዚህ ያለ አንድ ደንብ ጨዋታው አይቆምም ነበር፤ በገና ሜዳ የደረሰ ጉዳት ቂም አይያዝበትም፣ ክስም አይቀርብበትም። ድሮ ደንቡ ከዚህም አልፎ ይሄድ ነበር። ሹሙ ከጭሰኛው፣ ጌታው ከሎሌው እኩል ዱላ ይዞ ይሰለፍ ነበር፤ ሎሌው ጌታውን ቢቀድመው፣ ቢገፋው፣ ቢጥለውም በዚያ ቀን ቁጣ ነውር ነበር። በአንድ የበዓል ከሰዓት የመሬት ሥሪቱ አልተለወጠም፤ በማግስቱ ግብሩ ግብር፣ ሎሌውም ሎሌ ነበር። ያም ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው የሚረታበት ሜዳ መኖሩ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ በየዓመቱ የሚወራውም ማን ስንት አገባ ሳይሆን ማን ማንን ጣለ የሚል ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ የሚጀምር ሌላ ግጥሚያ አለ፤ እሱም የቃል ነው። አሸናፊው ወገን እየዘለለ፣ ዱላውን እያማታ፣ ተሸናፊውን በግጥም ይሰድባል። ሰው በስሙ እየተጠራ ቁመቱ፣ ሩጫው፣ ከሜዳ መሸሹ፣ ሚስቱ የሠራችው ወጥ ሳይቀር ይነሣል። የቅኔ ቤት አገር በሆነው ጎጃም ሰም ለበስ ያልሆነ ስድብ ብዙ አያስጨበጭብም፤ ተሰዳቢው ራሱ ወርቁን አግኝቶ ሲስቅ ነው ገጣሚው የሚደነቀው። ከዚያ ጠላው ይቀዳል። አሸናፊው በየቤቱ እየዞረ ይጋበዛል፤ የተሸነፈው ሰፈር ደግሞ የተሰደበበትን ግጥም እስከ ከርሞ ይዞ ይኖራል። ሁለቱ ሰፈሮች ለቀብር፣ ለደቦና ለሰርግ አንድ ናቸው፤ ለገና ብቻ ሁለት ይሆናሉ።

ስለ አጀማመሩ የሚነገረው ከሉቃስ ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ ጋር ይያያዛል። እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል። ስሙም ልደት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ትረካው ለእረኛ ጨዋታ የሚገባ ክብር ይሰጣል፤ ይሁንና ቆልማማ ዱላና ድቡልቡል ነገር ከብት ጠባቂ ባለበት ሁሉ ተገናኝተዋል። አየርላንዶች ሀርሊንግ የሚሉት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ስኮትላንዶች ሺንቲ የሚሉት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በአዲስ ዓመት መባቻ መንደር ከመንደር የሚገጥሙበት ነበር። እዚያም መንደሩ ቡድን ነው፣ እዚያም ወቅቱ ብርድ ነው።

የእነዚህ ዘመድ የሆነው የበረዶ ሆኪ የሄደበት መንገድ ገናን ለመረዳት ይረዳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1875 በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውስጥ ሜዳ ሲገባ በየወገኑ ዘጠኝ ሰው ብቻ ተሰለፈ። ድቡልቡሏ ኳስም በጠፍጣፋ እንጨት ተተካች፤ ኳስ ብትሆን እየነጠረች ተመልካች ትመታለች ተብሎ ነው። ግድግዳ ሲመጣ ቁጥር መጣ፣ ቁጥር ሲመጣ ትኬት መጣ፣ ከትኬት ደመወዝ ተከተለ። በዚያችው ከተማ በ1909 የተመሠረተው ሞንትሪያል ካናዲየንስ ስታንሊ ካፕ የተባለውን ዋንጫ 24 ጊዜ ወስዷል፤ የመጨረሻው በ1993 ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋንጫ ባይመጣም ክለቡ አለ፤ መዝገቡ፣ ማልያው፣ ባለቤቱና የሜዳው ወንበር አሉና። የላይ ሰፈር ገና ቡድን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ታኅሣሥ 29 ከሰዓት ተወልዶ ማታ ይበተናል። ተጫዋች አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ሰፈር የሚቀይር ተጫዋች ቢኖር ያገባ ወይም መሬት የተከራየ ሰው ነው።

መዝገብ የሌለው ቡድን ሲዳከም ማንም መፍረሱን አያውጅለትም። ገና የሚፈልገው ሰፊ መስክ ነው፤ የወል ግጦሹ ደግሞ ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኗል፣ ከፊሉ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ባሕር ዛፍ ጠቃሚ ዛፍ ነው፤ ለማገሩም ለማገዶውም ይሆናል። ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ግን የገና ዱላ አይወጣበትም። ቆልማማውን የሚያበቅሉት ወይራና ክትክታ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በገደል አፋፍ ቀርተዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደግሞ ማን ደፍሮ ይቆርጣል? እረኛውም ዛሬ ተማሪ ነው። ከትምህርት መልስ የሚጫወተው እግር ኳስ ነው፤ በእሑድ ከሰዓት በየቡና ቤቱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይታያል። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ስማቸውን ቀይረው አርሴናልና ማንቸስተር ሆነዋል ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ስድቡ ግን ያው ነው።

ጨዋታውን ወደ ደንብ ያስገባው የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ነው። ገና ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከቀስት፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎች ጋር በአገር አቀፉ የባህል ስፖርቶች ውድድር ክልሎች የሚገጥሙበት ሆኗል። በአዲስ አበባም ጃን ሜዳ ከገና ጨዋታ ጋር ስሙ ሲነሣ ኖሯል። በውድድሩ ሜዳው ይለካል፣ የተሰላፊው ቁጥር ይወሰናል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ማልያም አለ። በሞንትሪያል የሆነው ሁሉ፣ ከደመወዙ በቀር፣ በትንሹ እዚህም ሆነ ማለት ነው። ጨዋታው በዚህ ከመጥፋት ይድናል፤ ይሁንና የማልያው ገና ሰፈር የለውም፣ ጌታና ሎሌም የለውም፣ ስድቡም ከሜዳው ውጭ ቀርቷል። የዳነው የጨዋታው አካሉ ነው።

ሰፈርና መዝገብ አብረው መሄድ እንደሚችሉ የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው በጎጃም ደጋ አለ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በአዊ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ይኖራል። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራና መተከል ናቸው። ማኅበሩ የዓድዋ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ የተቋቋመ ሲሆን በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ያከብራል፤ ዓድዋም በየካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበርና ቀኑ እንዲያው አልተመረጠም። አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። እነዚህ ፈረሰኞች እንደ ገና ተጫዋቾች ገበሬ ናቸው፣ ደመወዝም የላቸውም። ልዩነቱ ማኅበሩ እንደ ዕድር መሥራቱ ነው። ፈረሱ ለግልቢያ ቀን ብቻ ሳይሆን አባል ሲሞት ለለቅሶ፣ ልጅ ሲዳር ለሰርግ ይወጣል፤ አለቃ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው። በዓሉ በዓመት አንድ ቀን ቢሆንም ሥራው የዓመት ነው። የገና ሚና ግን ዱላው ከተቀመጠ በኋላ የሚሠራው ሥራ አላገኘም።

ከከተማ በራቁት ቀበሌዎች በጮቄ ግርጌና በዓባይ በረሃ አፋፍ ልጆች ገና ይጫወታሉ። ቁጥራቸው አንሷል፣ ሜዳውም ጠቧል፤ ሩሯ አንዳንዴ የጨርቅ ናት፣ ቅልጥምም ትምራለች። ወቅቱ ከገና እስከ ጥምቀት ይዘልቃል። በጥምቀት ለጭፈራ የሚያዘው ዱላ ቀጥ ያለው ስለሆነ ቆልማማው ቤት ይቀራል። ከዚያ ሩሯ ማጀት ትገባለች፤ ገናው ደግሞ ከእረኛው ጋር ወደ ዱር ይመለሳል፤ ቆልማማ ጫፉ እስከ ከርሞ ለፍየሎቹ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ጎትቶ ለማውረድ ይሆናል።