ማሳው ዳር ያለው ክምር

«ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ ነው። ማዕድን የሚባለው ወርቅ አይደለም እንዴ?»

በስምጥ ሸለቆ ያገኘኋቸው አንድ አረጋዊ ገበሬ ናቸው የጠየቁኝ። ድንጋዩ ፑሚስ ነው፤ ለእጅ ቀላል፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ብሎኬት አምራቾች የሚፈልጉት። እሳቸው ግን ማረሻቸውን እያስቸገረ ዕድሜ ልካቸውን ሲለቅሙት ኖረዋል። እኔ የሄድኩት አንድ ማኅበር የማምረት ፈቃድ ስለጠየቀ ቦታውን ልለካ ነው።

ጂኦሎጂ ስንማር ማዕድን ማለት በተፈጥሮ የተገኘ፣ ጠጣር፣ የታወቀ ኬሚካላዊ ይዘትና ሥርዓት ያለው ክሪስታል የሆነ ነገር ነው ተብለናል። በዚህ መለኪያ በረዶ ማዕድን ነው። የደላንታ ኦፓል ግን የጠራ ክሪስታል ስለሌለው ከማዕድን መሰሎች ይመደባል፤ ከዕፅዋት ቅሪት የተሠራው የድንጋይ ከሰልም ከትርጉሙ ውጭ ይቀራል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ክሪስታል አይቆጥርም። በተፈጥሮ የተገኘ ነው ወይ፣ ከምድር ቅርፊት ላይ ወይም ውስጥ ነው ወይ፣ ኢኮኖሚያዊ ዋጋስ አለው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። በዚህ በር ወርቁም፣ ኦፓሉም፣ የአፋር ጨውም፣ አሸዋና ጠጠሩም ይገባሉ። ነዳጅ ከ1978 ጀምሮ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ደግሞ ከ2008 ጀምሮ የየራሳቸው አዋጅ አላቸው።

ከሦስቱ ጥያቄዎች እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ የመጨረሻው ነው። የሽማግሌው ድንጋይ ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ያው ነው። ብሎኬት ሠሪ ደርሶ ዋጋ ሲያወጣለት ግን በሕግ ፊት ማዕድን ሆነ። ማዕድን ሲሆን ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። መሬቱ ለሥራው ሲወሰድ ካሣ የሚሰላው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለመፈናቀሉ ይከፈላል። ከሥር ያለው ድንጋይ ሒሳቡ ውስጥ የለም።

ትርጉሙ ሰፊ መሆኑን እደግፋለሁ። ወርቅና ዕንቁ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ከየወንዙ የሚዛቀውን አሸዋ ማን ይቆጣጠረው ነበር? ዳር ዳሩ እየተናደ የገበሬ መሬት ይዞ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያመኝ ሌላ ነው፤ ድንጋዩ ማዕድን መሆኑን ባለማሳው የሚሰማው ከሁሉም በኋላ፣ ብዙ ጊዜም መኪናው ደጁ ሲደርስ ነው። በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ እኔም ሰላምታ ሰጥቼ በቀጥታ ሜትር እዘረጋ ነበር። ይጸጽተኛል። አሁን መጀመሪያ እቀመጣለሁ፤ አዋጁን በሚገባ ቋንቋ እነግራለሁ፤ ካሣው ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምርም ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ለሽማግሌውም እንደዚሁ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና በከዘራቸው ወደ ማሳው ዳር አመለከቱ። ለዓመታት እየለቀሙ የከመሩት ፑሚስ እንደ አጥር ተዘርግቷል።

«እሺ፣ መሬት ውስጥ ያለው የመንግሥት ይሁን። ይሄ በእጄ የለቀምኩትስ?»

አዋጁን በልቤ ገለባበጥኩት፤ እዚያው ቆሜ የምሰጣቸው የተቆረጠ መልስ አላገኘሁም። ክምሩን ለብቻው ለካሁት፤ በሪፖርቴም የእሳቸው የጉልበት ሥራ ውጤት እንደሆነና ካሣ ገማቾቹ ለይተው እንዲያዩት ጻፍኩ።