ባሕር የተሻገረ ሰውና የአገሩ ስልክ ቁጥር

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አታት በብዙ ሰው ዘንድ የምትታወቀው የካቶሊክ ደናግል ባቋቋሙት ሆስፒታሏ ነው። በሆስፒታሉ ደጅ ጥቂት የቆመ ሰው አስታማሚዎች እርስ በርሳቸው «ዓረብ አገር ላለችው ልጅ ተደወለላት ወይ?» ሲባባሉ ይሰማል። የመድኃኒቱና የአልጋው ገንዘብ ከሪያድ ወይም ከጂዳ የሚጠበቅበት ቤት ጥቂት ስላልሆነ የስልኩ መነሣትና አለመነሣት እንደ ቀላል ነገር አይታይም።

ጉራጌ ከቀየው ወጥቶ መሥራት የጀመረው ዛሬ አይደለም። አባቶቻችን አዲስ አበባ ሲነግዱ ከርመው ለመስቀል ይመለሱ ነበር፤ በመካከሉ ያለው ወሬ የሚመላለሰው በደብዳቤ ነው። ጽሕፈት የሚያውቀው ተማሪ ብቻ በሆነበት ቤት እናት በጉራግኛ የነገረችው በአማርኛ ተለውጦ ይሄዳል፤ በልጅ ፊት የማይነገረውም ሳይጻፍ ይቀራል። በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ ወደ አገራችን ገብቶ ቀስ በቀስ ገጠሩን ካዳረሰ ወዲህ ግን እናት ያለ ጸሐፊና ያለ አስተርጓሚ በገዛ ቋንቋዋ ልጇን ለመውቀስ በቅታለች። በበኩሌ ከስልክ ጥቅም ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

እንግዲህ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የአገሩን ሲም ካርድ ምን ያድርገው? አንዳንዱ ከእንግዲህ አይጠቅመኝም ብሎ ይጥለዋል። አንዳንዱ ለወንድሙ ሰጥቶት ይሄዳል። ይዞት የሚሄደውም ቢሆን አሠራሩን ካላወቀ ይከስራል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ስልኩ ሪያድ ላይ ሲከፈት የዚያ አገር ኩባንያ የካርዱን መለያ ይመለከታል፤ የኢትዮጵያ መለያ 636 ነው። ከዚያም ወደ ኢትዮጵያው ኩባንያ መዝገብ ይልክና «ይህ ደንበኛ የእናንተ ነውን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ያደርጋል። አዎን ከተባለ እንግዳውን ያስተናግዳል፤ ሒሳቡን ግን ከላኪው ኩባንያ ይቀበላል። ሮሚንግ የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ ነው። እናት ከአታት ወደዚህ ቁጥር ስትደውል የምትከፍለው የአገር ውስጥ ጥሪ ዋጋ ነው፤ ከአገር ወጥቶ ሪያድ ድረስ ያለውን መንገድ የሚከፍለው ጥሪውን ያነሣው ልጅ ነው። እናት «በርካሽ ደወልኩ» ብላ ደስ እያላት ረዥም ጨዋታ ስትጀምር የልጇ ሒሳብ ወዲያው ያልቃል።

ስለዚህ የአገሩ ቁጥር ለጨዋታ አይሆንም። ለጨዋታው ኢሞና ዋትስአፕ አሉ፤ እናትም አንድ ጊዜ አስጩኻ ትዘጋለች፤ ሚስኮሉን ያየ ልጅ በኢንተርኔት ይመልስላታል። ይህም ቢሆን በየአገሩ ሕግ የሚወሰን ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት መደወልን የፈቀደችው በመስከረም 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ ለብዙ ዓመታት ታግዶ ቆይቷል።

ታዲያ ሲም ካርዱ ለምን ይያዛል? ስለ አጭር መልእክቱ ነው። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደዚያ ስልክ ነው፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቴሌብር ሒሳብም ከስልኩ ቁጥር ጋር የታሰረ ነው። በሰው ቤት ስታገለግል ዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ወደ አገር ቤት ባንክ የላከች ልጅ ካርዱን ከጣለችው ገንዘቧን ከሩቅ ማንቀሳቀስ ይቸግራታል፤ ጉዳዩ ወደ ኤምባሲና ወደ ውክልና ይሄዳል። ከዚህም የባሰ አለ። ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ቁጥር ተዘግቶ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል፤ የእርሷ መልእክት የማታውቀው ሰው እጅ ይገባል፤ ዋትስአፗንም አዲሱ ባለቤት በራሱ ስልክ ሊከፍተው ይችላል።

ካርዱን ለወንድም መተው የተሻለ ይመስላል። ወንድምን አልጠረጥርም፤ ይሁን እንጂ የሣጥኗ ቁልፍ በእርሱ ኪስ ማደሩ ነው። ልጅቱ በተመለሰች ጊዜ ወንድምና እኅት በሽማግሌ ፊት የሚቆሙት እንዲህ ባለ ነገር ነው፤ ሽማግሌውም ስለ ማረጋገጫ ቁጥር ምን ይፍረድ?

ሁለት ካርድ የሚይዝ ስልክ ችግሩን ያቃልለዋል። በአንደኛው የአገር ቤቱን፣ በሁለተኛው የደረሱበትን አገር ካርድ ማስገባት ነው። ከመነሣት አስቀድሞ ሮሚንጉን ኩባንያው ዘንድ ሄዶ ማስከፈት ያስፈልጋል፤ እዚያ ሲደርሱ ደግሞ የአገር ቤቱን ካርድ የኢንተርኔት መስመር መዝጋት፣ በእርሱ የመጣውን ጥሪ አለማንሣት፣ መልእክቱን ብቻ ማንበብ ነው። ቁጥሩ እንዳይዘጋም አልፎ አልፎ ሒሳብ መሙላት ይገባል፤ ይህንንም ዘመድ ከአታት ሆኖ ሊሞላው ይችላል።

ስልኳን አሠሪ የምትቀማት ልጅ ግን ይህ ሁሉ አይጠቅማትም። ለእርሷ የሚበጃት የእናቷን ቁጥር በቃሏ ማጥናት ነው፤ ያውም በትክክል። እዚህ 09 ብለን የምንጀምረው ቁጥር ከውጭ አገር ሲደወል መጀመሪያ ያለው ዜሮ ይወድቅና በፊቱ 00251 ይገባል። በ09 ብቻ አጥንታ የሄደች ልጅ የጎረቤት ስልክ ለጥቂት ደቂቃ ለምና ብታገኝ እንኳ ጥሪው አታት አይደርስላትም።