አስከሬን ስሙን እንዳያጣ

ከካርቱም መሐል ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው ጀብራ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሠርተው ለማደር ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ሲሉ ለረጅም ዘመን ከሰፈሩባቸው መንደሮች አንዱ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል ጦርነት ሲፈነዳ፣ በከተማይቱ ውስጥ ሬሳ ይዞ ወደ መካነ መቃብር መሄድ ለሕይወት የሚያሰጋ ሆነ። ስለዚህም ብዙ ሙታን በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳርና በየመስጊዱ ቅጽር ተቀበሩ። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ጦር ሠራዊቱ ካርቱምን ከተቆጣጠረ በኋላ፣ የከተማይቱ የሕግ ሕክምና ባለሙያዎች እነዚህን አስከሬኖች እያወጡ ወደ መካነ መቃብር ማዛወር ጀመሩ።

አስከሬን ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ሌላ ሲዛወር ሁለት ጥያቄዎች አብረውት ይነሣሉ። ሟቹ ማን ነው? እንዴትስ ሞተ? ለእነዚህ መልስ የሚፈልገው ሙያ የሕግ ሕክምና ወይም ፎረንሲክ ሕክምና ይባላል። በአገራችንም የዚህ ሥራ ዋና ማእከል ሆኖ ለብዙ ዓመታት የቆየው በአዲስ አበባ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ሙያው የራሱ ቃላት ስላሉት፣ ማንኛውም አንባቢ ለይቶ ቢያውቃቸው የሚጠቅሙትን ከዚህ በታች በአጭሩ እንመለከታለን።

የመጀመሪያው የሞት ምክንያት የሚባለው ነው። ይህም ወደ ሞት ያደረሰውን ሰንሰለት የጀመረው በሽታ ወይም ጉዳት ማለት ነው። አንድ ሰው ሆዱን በጥይት ተመትቶ፣ ቁስሉ አመርቅዞ በዐሥረኛው ቀን ቢሞት፣ የሞቱ ምክንያት የጥይት ቁስሉ ነው። ማመርቀዙ ቁስሉ ያስከተለው መዘዝ ሲሆን፣ የደም ግፊቱ ወድቆ የአካሉ ክፍሎች ሥራ ማቆማቸው ደግሞ የሞት ሂደት ይባላል። «ልቡ ቆመ» ብሎ መመዝገብ ምክንያትን አይገልጽም፤ የማንኛውም ሟች ልብ ይቆማልና።

ሁለተኛው የአሟሟት ዓይነት ነው። በብዙ አገሮች አሠራር ይህ በአምስት ይከፈላል፤ በተፈጥሮ ሕመም፣ በድንገተኛ አደጋ፣ ራስን በመግደል፣ በሌላ ሰው እጅ እና ሊወሰን ያልቻለ ተብሎ። በጦርነት መካከል መድኃኒት አጥቶ የሞተ የስኳር ሕመምተኛ በተፈጥሮ ሕመም እንደሞተ ሲመዘገብ፣ በዚያው ቤት በመድፍ ፍንጣሪ የሞተው በሰው እጅ እንደሞተ ይመዘገባል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ «በሰው እጅ» ሲል ወንጀለኛ መሰየሙ አይደለም፤ ጥፋተኛነትን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ማስረጃው ባልተሟላ ጊዜም «ሊወሰን አልቻለም» ብሎ ለመፈረም የሚደፍር ሐኪም ሙያውን ያከበረ ነው።

ሦስተኛው ሞት የደረሰበት ጊዜ ነው። ከሞት በኋላ ገላ ይቀዘቅዛል፤ ደም በስበት ወደ ታችኛው ወገን ወርዶ ቆዳውን ያጠቁራል፤ ጡንቻም ይደርቃል። መድረቁ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምሮ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካልን ይይዛል፤ ኋላም ይለቃል። የጠቆረው ቦታም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጸናል። በመሆኑም በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘ ሬሳ ጀርባው ጠቁሮ ቢታይ፣ ከሞተ በኋላ ሰው እንዳገላበጠው ያመለክታል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በካርቱም በመሰለ አገር ግን ይህ ሁሉ ይፋጠናል። ስለሆነም ጠንቃቃ ሐኪም የሞትን ሰዓት የሚናገረው ከዚህ እስከዚህ እያለ ነው።

ከሁሉም በላይ ቤተሰብን የሚነካው የማንነት ጉዳይ ነው። ፊት ያብጣል፣ ይለወጣል፤ በሐዘን የደነገጠ ዐይንም ይሳሳታል። ልብስ፣ ማተብ፣ የግንባር ንቅሳት ይረዳሉ፤ ነገር ግን በስደት አንዱ የሌላውን ሸሚዝ መልበሱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የዓለም አቀፉ ፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል በዋናነት የሚተማመንባቸው መለያዎች ሦስት ናቸው፤ የጣት አሻራ፣ ጥርስና ዲ.ኤን.ኤ.። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ያለቁት 157 ሰዎች ሁሉ፣ ከስድስት ወር ያህል በኋላ ማንነታቸው የታወቀው በእንዲህ ያለው ምርመራ ነበር።

ካርቱም ግን ከጦርነቱ በፊትም በዚህ ረገድ ተቸግራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በደቡብ ካርቱም ከአንድ ሆስፒታል የሬሳ ማቆያ የወጣው ክፉ ሽታ የአካባቢውን ነዋሪ ለተቃውሞ አስነሥቷል። በ2014 ዓ.ም. በከተማይቱ ማቆያዎች የተከማቹትን ከ3000 በላይ አስከሬኖች ለመቅበር በታሰበ ጊዜም፣ ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በተበተነው የተቃውሞ ሰልፍ ልጆቻቸው የጠፉባቸው ወላጆች ማስረጃ ይጠፋል ብለው ሠግተው ተቃውመዋል።

በእኛም ዘንድ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሬሳው ያልተገኘ ሰው ቤተሰብ እርሙን አያወጣም፤ ተዝካር ለማውጣትም ልቡ አይቆርጥም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ወሬው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የአንድን ሰው መጥፋት እንዲያስታውቅ ፍርድ ቤትን መጠየቅ አይቻልም። እስከዚያ ሚስቲቱ ባልቴት ትሁን ባለትዳር፣ ልጁም ወራሽ ይሁን አይሁን ሳይለይ ይቆያል።

እንግዲህ ሐኪም በሌለበት ወገኑን ለመቅበር የተገደደ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የሟቹን ፊት፣ ጥርስና ጠባሳ ፎቶግራፍ ያንሣ። ልብሱንና ማተቡን ሳይጥል አብሮ ይቅበር። በአንድ ጉድጓድ አንድ ሰው ብቻ ያኑር። ስሙን፣ ቀኑንና የቀባሪዎቹን ስም ጽፎ፣ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሎ ከሬሳው ጋር ያስቀምጥ፤ ግልባጩንም ለራሱ ይያዝ። የመቃብሩንም ቦታ በማይጠፋ ምልክት ያመልክት። በኋላ ግን መቃብሩን ራሱ አይክፈት፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነውና። አገር ቤት ያለው ዘመድ ደግሞ የጠፋውን ሰው የጥርስ ሕክምና መዝገብና ፎቶግራፎች ይጠብቅ፤ ወላጅ ወይም ልጅ ለዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ምራቅ እንዲሰጥ ሲጠየቅም አይከልክል። በጀብራ ግቢ የተቀበረ ሰው ስሙን ይዞ ለወገኑ ሊመለስ የሚችለው፣ ቀባሪው የጻፈውና ዘመድ ያቆየው መረጃ ሲገናኝ ነው።